አረንጓዴ ግቢ ከምጣዱ ይጀምራል

ክቡራን የአስተዳደር ኃላፊዎች፣ መምህራን፣ የምግብ ቤትና የጥገና ክፍል ባልደረቦች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የግቢ አካባቢ ጥበቃ ሲነሣ ሁሉም ቶሎ የሚያስበው ችግኝ ነው። ቀጥሎ የጽዳት ዘመቻ ይመጣል፤ ከዚያ ቲሸርትና ባነር። በነዚህ ላይ ጠብ የለንም። ሆኖም አንድ ዩኒቨርሲቲ በቀን የሚማግደውን እንጨት፣ የሚደፋውን ምግብና ሌሊት የሚፈስበትን ውኃ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉ ይገለበጥበታል። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛውን ሰዓት የምንቆየው ምጣዱ፣ የትርፍራፊው ባልዲና የውኃ ቆጣሪው ዘንድ ነው። ችግኝም ተራው ይደርሰዋል።

ከውጭ የምንቀዳቸው መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ አምፖል በመቀየር ይጀምራሉ። ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ በሚመነጭበት አገር ይህ ትክክል ነው፤ የጠፋ መብራት ሁሉ የቀነሰ ጭስ ነውና። የእኛ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ኃይል ነው። የእኛ ጭስ ያለው ከወጥ ቤቱ ጀርባ በተከመረው ማገዶና በጄኔሬተሩ ውስጥ ነው። የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሚያወጣው ግሪንሜትሪክ የተባለ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ለብዙ ዓመታት ለኃይልና ለአየር ንብረት 21 በመቶ፣ ለትራንስፖርት 18 በመቶ፣ ለውኃ ደግሞ 10 በመቶ ነጥብ ሲሰጥ ቆይቷል። ተማሪው ሁሉ በእግሩ በሚሄድበትና ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ግቢ ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። ለደረጃው መወዳደር ይቻላል፤ የሥራ ዕቅድን ከእሱ መቅዳት ግን አይበጅም።

ለስሌት እንዲመች 10,000 ተማሪ የሚመግብ ግቢ እናስብ። ለአንድ ተማሪ በቀን 3 እንጀራ ብንይዝ 30,000 እንጀራ ይሆናል። አንዱ 350 ግራም ቢመዝን፣ በየቀኑ የሚጋገረው 10 ቶን ተኩል ነው። በሦስት ጉልቻ፣ በክፍት እሳት ሲጋገር 1 ኪሎ እንጀራ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ እንጨት ይበላል። እንግዲህ ቢያንስ ሁለት አይሱዙ ሙሉ እንጨት በቀን ያልቃል ማለት ነው፤ ያውም ወጡና ሻዩ ሳይቆጠር። በዚህ ግቢ አንድ ሺህ ችግኝ ተክሎ ጉልቻውን እንዳለ መተው ምን እንደሚያተርፍ ስሌቱ ራሱ ይናገራል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ርካሽ ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው ነው። በደንብ ከተሠራና ከተያዘ የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ያወርዳል። “በደንብ ከተያዘ” የሚለው ላይ ግን ብዙ ግቢ ይወድቃል። በምጣዱና በምድጃው ከንፈር መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ እሳቱ በዚያ ይወጣል፤ ክፍተቱ በጭቃ መመረግ አለበት፤ ጭቃውም ስለሚሰነጠቅ በየሳምንቱ ይታያል። የማገዶ ማስገቢያው አፍ ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተሞላ አየር ስለማይገባ ነበልባሉ ወደ ጭስ ይለወጣል። አመድ በየቀኑ ካልወጣም እንዲሁ። ደግሞ የምጣዱ ስፋት ከምድጃው ጋር መገጠም አለበት፤ ከተለያየ ነጋዴ የተገዛ ምጣድ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ስለሚለያይ በመለኪያ ሳይለኩ መረከብ ስሕተት ነው።

የእንጨቱ እርጥበት ከምድጃው አይነት አያንስም። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ያፈላል፤ ምጣዱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ሙቀት ነው። ግቢው እንጨት በኩንታል የሚገዛ ከሆነ አቅራቢው እርጥቡን ማምጣቱ አይቀርም፤ እርጥብ ይከብዳላ! በሜትር ኪዩብ መግዛት ይህን ያስቀራል። ከዚያ የእጅ አንጓ በሚያህል ውፍረት መፍለጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መደርደር፣ ከላይ ቆርቆሮ ማልበስ፣ ጎኑን ለነፋስ መክፈት። የክረምቱ ማገዶ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከገባ ሰኔ ላይ ደርቆ ይጠብቃል። ሰኔ ላይ የተገዛ ግን ክረምቱን ሙሉ ጋጋሪዎቹን ሲያስለቅስ ይከርማል።

ሁለተኛው መፍትሔ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ተሞክሮ የሚከሽፈው በምጣዱ ሳይሆን በሽቦው ነው። አንድ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ከሞቀ በኋላ በሰዓት 22 ገደማ እንጀራ ያወጣል እንበል። በሁለት ፈረቃ 12 ሰዓት ቢሠራ 264 እንጀራ ይሆናል፤ ለ30,000ው 114 ምጣድ ያስፈልጋል። 114 ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ ወደ 430 ኪሎዋት ነው። ባለ 315 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ይህን አይሸከምም። ባለ 630ው ይሸከማል፤ ግን ዶርሙና ላብራቶሪው ከዚያው የሚስቡ ከሆነ ምሽት ላይ ሁሉም ይጨልማል። ጋገራው በ6 ሰዓት ውስጥ ይለቅ ከተባለ ደግሞ የምጣዱም ቁጥር ጭነቱም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ምጣድ እንግዛ?” የሚል አይደለም። “ጋገራው በስንት ሰዓት ይከፋፈል?” ነው። ሌሊት 6 ሰዓት የሚጀምር ፈረቃ ከዶርሙ ጭነት ጋር አይጋጭም፤ በዚያ ሰዓት የሚሠሩት እናቶችና እኅቶች ግን መጓጓዣና የሌሊት አበል ይገባቸዋል፤ ያ በዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ ፈረቃው ከወር በላይ አይዘልቅም።

ሽቦውን በተመለከተ፦ 3,750 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 17 አምፔር ይመጣል። ገበያ ላይ ያለው ተራ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ለአንድ ሰዓት ይችላል፤ ለ12 ሰዓት ሲሠራ ግን ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መያዣው ይላላል፤ የላላ መያዣ ደግሞ የበለጠ ይግላል። ጥቁር የጠቆረበት ሶኬት ያለበት ወጥ ቤት ሁሉ ይህ የደረሰበት ነው። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ከሶኬት ይልቅ በብሎን የሚታሰር ማገናኛ፣ ከዚህም ጋር እውነተኛ የመሬት መስመር ያስፈልጋል። ወለሉ ሁልጊዜ በሊጥና በውኃ እርጥብ ስለሆነ የመሬት መስመር የሌለው ምጣድ ሰው ይገድላል። 114ቱ ምጣዶች ፌዝ በሚባሉት በሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ 38፣ 38 ሆነው መከፈል አለባቸው። አንዱ ፌዝ ላይ ከተከመሩ የመመለሻው ሽቦ (ኒውትራሉ) ይግላል፣ የቀሩት ፌዞች ቮልቴጅ ይዛባል፤ ጎረቤት ያለው ፍሪጅና ኮምፒዩተርም የሚቃጠለው ያኔ ነው።

በዚህ ስሌት አንድ እንጀራ 0.17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በቀን 5,100 ኪሎዋት ሰዓት። ይህን በግቢያችሁ ታሪፍ አባዝታችሁ ከእንጨቱ ደረሰኝ ጋር አስተያዩት፤ ውጤቱን እኛ ከምንነግራችሁ ይልቅ ከሒሳብ ክፍሉ ብታወጡት ይታመናል። መብራት ሲጠፋ ተማሪ አይጾምምና ከጋገራው ሲሶውን የሚያወጡ የተሻሻሉ የእንጨት ምድጃዎች በተጠባባቂነት ይቆዩ። ምጣዱን በጄኔሬተር ማሠራት ግን ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ወደ ባልዲው እንለፍ። የምግብ ብክነትን ለመቀነስ የሚጻፉ ፖስተሮች ተማሪውን ይወቅሳሉ። ከመውቀስ በፊት መመዘን ይሻላል። ሦስት ባልዲና አንድ ሚዛን በቂ ነው፦ አንዱ ለወጥ ቤት ግርድፍ፣ ማለትም ለልጣጭና ለተቃጠለ፤ ሁለተኛው ተሠርቶ ሳይቀርብ ለቀረው፤ ሦስተኛው ከትሪ ለተመለሰው። ለሰባት ተከታታይ ቀን ቁርስ፣ ምሳና እራት ይመዘን፤ በየማዕዱ የበላው ሰው ቁጥርም አጠገቡ ይጻፍ። የፈተና ሳምንት አትምረጡ። የጾም ሳምንትና የፍስክ ሳምንት ለየብቻ ይለኩ፤ በሁዳዴና በረመዳን የሚበላው ሰውም ሰዓቱም ስለሚለወጥ አንዱ ለሌላው አይመሰክርም።

ብዙ ጊዜ ትልቁ ባልዲ ሁለተኛው ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም የሚጋገረው በተመዘገበው ቁጥር ልክ እንጂ በሚበላው ቁጥር ልክ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከተማ የሚወጣው፣ ነን ካፌ የሆነው (በግቢው ምግብ ቤት የማይመገበው)፣ ጠዋት የሚተኛው ሁሉ እንጀራ ተጋግሮለታል። ያለፉትን አራት ቅዳሜዎች የምግብ ካርድ ቆጠራ አማክሎ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መጋገር ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይሠራል። ሦስተኛው ባልዲ ከከበደ ደግሞ ጭልፋው ይታይ። አንድ ተኩል እንጀራ ሰጥቶ ለፈለገ ግማሽ መጨመር ይቻላል፤ ለዚህ ግን ሰልፍ የሌለበት የጭማሪ መስኮት መከፈት አለበት። ለጭማሪ ዳግም መሰለፍ ካለበት ተማሪው መጀመሪያውኑ “ሙላልኝ” ይላል፤ ልክ ነው።

ያልተነካ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ በስሱ ተቆራርጦ፣ ሳይደራረብ፣ ሲሰበር ቀጭ እስኪል በፀሐይ ይደርቃል። በክረምት ይህን መሞከር ሻጋታ ማምረት ነው፤ የሻገተውን ለከብትም መስጠት አይገባም። ከትሪ የተመለሰው፣ ከተማው ቡሌ የሚለው ማለት ነው፣ ለሰው ምግብነት ከግቢ መውጣት የለበትም። ለእንስሳት አርቢ የሚሸጥ ከሆነ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ በየቀኑ እንዲነሣ፣ ደግሞም ከመሰጠቱ በፊት እንዲፈላ። ስቴኪኒ፣ ፌስታልና አጥንት በመለያው ጠረጴዛ ላይ ካልተለየ በኋላ የሚለየው የለም።

የቀረው ወደ ኮምፖስት ይሄዳል። ኮምፖስት ቀላል ነው እየተባለ ተጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት የሚሸት፣ ጅብና አባ ኮዳ የሚጠራ ክምር የሆነበት ግቢ ጥቂት አይደለም። የችግሩ ሥር የእንጀራችን ባሕርይ ነው፦ እርጥብ ነው፣ ይጣበቃል፣ ከቡኮው ጀምሮ ኮምጣጣ ነው። ብቻውን ሲከመር ልክ እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል፣ አየር አያስገባም፣ ይበሰብሳል እንጂ አይበስልም። ካርቦኑ ለናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ እንዲሆን ደረቅ ነገር ይሻል። በሥራ ቋንቋ ስናወርደው ለአንድ ባልዲ ትርፍራፊ ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም የተከተፈ ገለባ። የቡና አተላ ጥሩ ነው፤ ሰጋቱራ ግን እጅግ ካርቦን ስለሚበዛበት በጥቂቱ ብቻ ይገባል፤ በብዛት ከገባ ክምሩ ለወራት ቀዝቃዛ ሆኖ ይተኛል። ኮምጣጣነቱን ለማለዘብ አንድ ሁለት እፍኝ አመድ መበተን ይረዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይሰደዋል።

ክምሩ ከታች በወፍራም ጭራሮ ይጀመር፤ አየር በዚያ ይገባል። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ይሁን፤ ከአንድ ሜትር ኪዩብ ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም። ትርፍራፊው ሁልጊዜ መሐል ገብቶ ከላይ አንድ ስንዝር ደረቅ ነገር ይልበስ፤ ዝንብንና ሽታን የሚከለክለው ይህ ነው። እርጥበቱን በእጅ ጨብጣችሁ ፈትኑ፦ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ፤ ካልረጠበ ውኃ አርከፍክፉ። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ሜትር ፌሮ መሐሉ ድረስ ሰክታችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ንቀሉት። ጫፉ በእጅ የማያስይዝ ከሆነ ክምሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የበሽታ ጀርምና የአረም ዘር እንዲሞት ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ 15 ቀን መቆየት፣ በዚያ ውስጥም አምስት ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ ውጩ ወደ ውስጥ እንዲገባ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሲመጣ አየር አጥሮታል፣ ይገልበጥ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ሲመጣ ደረቅ ነገር አንሶታል። ሽታም ሙቀትም ከሌለው ደርቋል ወይም ትንሽ ነው። ቦታው በሽቦ ይታጠር፣ ለክረምት ከላይ ክዳን፣ ዙሪያውን የጎርፍ ቦይ ይኑረው። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር ካልወጣ ከነዚህ አንዱ ተዘሏል።

ይህ ሥራ ከግቢው አጥር ውጭም ፋይዳ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው መሞቱን አንረሳውም። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫም ቢሆን የሚያቃጥለው ቆሻሻ በእርጥብ ትርፍራፊ በተሞላ ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል። ከግቢ የሚወጣው ገንዳ ምግብ ከሌለበት ክብደቱ ይረግፋል፤ የቀረውን ካርቶን፣ ሃይላንድና ቆርቆሮ ቆራሌው ከፍሎ ይወስደዋል።

ባዮጋዝስ፣ ትርፍራፊው አየር በሌለበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣው የሚነድ ጋዝ? በየስብሰባው የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር እንመልስ። ግቢያችን በቀን 1 ቶን ትርፍራፊ ቢኖረው፣ በጥሩ ሁኔታ ወደ 100 ሜትር ኪዩብ ጋዝ ይወጣዋል። 1 ሜትር ኪዩብ ጋዝ 5 ኪሎ ገደማ እንጨት ይተካል። ስለዚህ 500 ኪሎ እንጨት። ከላይ ካሰብነው 10 ቶን ጋር ሲተያይ ሃያኛ እጅ መሆኑ ነው። እንጀራ አይጋግርም፤ ሻይና ወጥ ግን ያበስላል፤ ያ ራሱ ትንሽ አይደለም። ጉድጓዱ ምን ያህል ይሁን ብትሉ፣ አንድ ቶን ምግብ ከአንድ ቶን ውኃ ጋር ሲደባለቅ በቀን 2 ሜትር ኪዩብ ይገባል፤ በደጋ ቅዝቃዜ ባክቴሪያው 60 ቀን ስለሚፈልግ 120 ሜትር ኪዩብ ጉድጓድና ከላዩ የጋዝ ቦታ ያስፈልጋል። ለገበሬ ቤተሰብ የተነደፈውን እስከ 10 ሜትር ኪዩብ የሚይዘውን ሲኒዱ የተባለ የባዮጋዝ ጉድጓድ ለግቢ መገንባት ለዚህ ነው ትርጉም የማይሰጠው። በድሬዳዋ ወይም በጋምቤላ ሙቀት ሥራው ይፈጥናል፤ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ይጓተታል።

የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ በከብት እበት ሳይሞላ በምግብ ትርፍራፊ የተጀመረ ጉድጓድ ኮምጣጣ ሆኖ ይቀራል፤ ጋዙ ይወጣል፣ ግን አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና። እበት ሞልቶ ሰማያዊ ነበልባል እስኪታይ መጠበቅ፣ ከዚያ ትርፍራፊውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ነው። ሽንት ቤት ከተገናኘበት በረኪና የሚያፈሱ የጽዳት ሠራተኞች ካልተነገራቸው ባክቴሪያው ይሞታል። የጋዝ ቧንቧው ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ አዘቅዝቆ የውኃ ማጠራቀሚያ ካልተደረገበት በውስጡ የሚጠራቀመው ጤዛ መስመሩን ይዘጋና “ጋዝ የለም” ይባላል።

አሁን ውኃ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የሐረማያ ሐይቅ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው፣ ለሐረር ከተማ የሚሄደው የመጠጥ ውኃ፣ ከኮረብታው የሚመጣው ደለል ተደማምረው ነው። አጠገቡ አንጋፋ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ሐይቁ መሬት ሲሆን ታየ። ኋላ ውኃው ቢመለስም፣ ትምህርት ቤት አጠገብ መኖር ብቻውን ሐይቅ እንደማያድን ታይቷል።

ግቢ ውስጥ ውኃን ማስተዳደር በሌሊት ቆጣሪ ንባብ ይጀምራል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የዋናው ቆጣሪ ቁጥር ይነበብ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንደገና። ሮቶዎቹ በዚያ ሰዓት እንዳይሞሉ ማስገቢያቸው ይዘጋ፤ አለበለዚያ የምታነቡት ሙሌቱን ነው። በነዚያ አራት ሰዓታት የሄደው ውኃ አብዛኛው ማንም ያልተጠቀመበት ነው። በስድስት ስታባዙት የቀኑን ፍሳሽ ግምት ታገኛላችሁ። ቀጥሎ በየሕንፃው ቫልቭ እየዘጉ ቆጣሪው ሲዘገይ ማየት፤ የትኛው ብሎክ እንደሚያፈስ በአንድ ሌሊት ይታወቃል።

ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ ግቡ። በሲፎኑ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም አድርጋችሁ፣ ሳታፈሱ 15 ደቂቃ ቆዩ። ቀለሙ ከታች ሳህኑ ውስጥ ከታየ የታችኛው ጎማ አይዘጋም። ድምፅ ስለሌለው ማንም አያውቀውም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ደግሞ ሥሩ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አድርጋችሁ ሰዓት ያዙ፦ በአራት ደቂቃ ከሞላ በቀን 360 ሊትር ነው። ያንን ቁጥር ከቧንቧው በላይ ለጥፉት፤ “ውኃ ሕይወት ነው” ከሚለው ጽሑፍ ይልቅ የጥገና ክፍሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ሌላም አለ፦ ቀን ውኃ በሌለ ሰዓት የተከፈተ ቧንቧ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሌሊት ውኃው ሲመጣ ኮሪደሩን አጥለቅልቆ ይነጋል። ሩብ ዙር የሚዞር እጀታ ያለው ቧንቧ ለዚህ ይሻላል፤ ክፍት ይሁን ዝግ በዓይን ይታያል። በሮቶው ማስተንፈሻ ሥር ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሽበት ከወረደ ተንሳፋፊው ኳስ አይዘጋም ማለት ነው። የጥገና ክፍሉ መጋዘን ውስጥ ሃምሳ የቧንቧ ጎማና አሥር ተንሳፋፊ ኳስ አስቀድሞ ይኑር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ። ለአንድ ጎማ የግዥ ጥያቄ ሦስት ፊርማ ሲጠብቅ ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሚፈስ አስሉት።

ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስለሚከለክለው ግቢው ውስጥ ያሉ ሱቆች ውል ሲታደስ ቢካተት ያልቃል። ሃይላንዱ ግን በክልከላ አይቀንስም፤ ተማሪው የሚገዛው ቧንቧውን ስለማያምን ነው። የመጠጥ ቧንቧው ላይ ቀሪ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መሆኑን የኬሚስትሪ ክፍሉ በየሳምንቱ ለክቶ ውጤቱን እዚያው ቢለጥፍ የጠርሙሱ ቁጥር በራሱ ይወርዳል። ሮቶው በዓመት ሁለቴ መታጠቡም አይረሳ።

ችግኝ። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የማይተክል ግቢ የለም። የምንጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ ሐምሌ የተተከለው በቀጣዩ ሰኔ ስንቱ ቆሟል? ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከወር በፊት ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ መጀመሪያ እሱ ይመለስ። ፕላስቲኩ ይቀደድ፤ ሥሩ ከታች ከተጠማዘዘ ይቆረጥ። ሰው በበዛበት ዘመቻ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው፤ ሁለት ዓመት አረንጓዴ መስሎ በሦስተኛው ይደርቃል። ከጥር እስከ መጋቢት ለአንድ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ብንይዝ ለ500 ችግኝ 5 ሜትር ኪዩብ ነው። ያንን ውኃ የሚያመጣው ማን እንደሆነ ስሙ ካልተጻፈ 500 አትትከሉ፤ 80 ትከሉ። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት እንደየአየሩ ይመረጡ፤ ባሕር ዛፍ ከጉድጓድ ውኃና ከሕንፃ መሠረት ይራቅ። ለማገዶ ከሆነ ግን ባሕር ዛፍ በራሱ ቦታ ቢተከል ነውር የለውም፤ ያለዚያ ያ አይሱዙ የሌላ ሰው ተራራ ላይ ነው የሚቆርጠው።

የመጨረሻው ጉዳይ ገንዘብና ባለቤት ነው። የተማሪዎች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በየዓመቱ ይመረቃል፤ ምግብ ቤቱ ግን አይመረቅም። ባልዲ መመዘን የክበቡ ሥራ ሆኖ ከቀረ ሊቀመንበሩ በተመረቀ ማግሥት ይቆማል። ስለዚህ መመዘኑ በምግብ ቤት ኃላፊው፣ የሌሊቱ ንባብ በውኃ ቴክኒሻኑ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ክበቡ መዝገቡን በየወሩ የሚያይና የሚለጥፍ ይሁን። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የየክፍሉ ጥያቄ የሚሰበሰበው ከዚያ ወራት ቀድሞ ስለሆነ ልኬቱ በጥቅምትና በኅዳር ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ከጥያቄው ጋር ሦስት ወረቀት ይያያዝ፦ የሰባት ቀን የባልዲ መዝገብ፣ የሰባት ሌሊት የቆጣሪ ንባብ፣ ኤሌክትሪሺያኑ በየፌዙ የለካው የምሽት ጭነት። የጨረታ ሰነዱ ላይ ደግሞ “የኤሌክትሪክ ምጣድ” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ርካሹ ይገባል። ስፋቱ በሳንቲ ሜትር፣ ጉልበቱ ከ4 ኪሎዋት ያልበለጠ፣ ከጥቅል ሽቦው ሥር ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ያለው፣ ከነአክምባሎው፣ ከነመለዋወጫ ሽቦው፣ ከመረከብ በፊትም አንዱ ተመርጦ ለአራት ሰዓት በግቢው ጋጋሪዎች እጅ የሚፈተን ተብሎ ይጻፍ።